አጥሩ የለም፣ ጭረቱ አለ

ጭረቱ አንድ ክንድ ይሞላል። ከመኪናዬ የኋላ ቀኝ ጎማ በላይ እንደ ቅንድብ የተደፋው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ጠለቅ ብሎ ይጀምርና ወደ በሩ ሲጠጋ እየቀጠነ ይጠፋል። ያገኘሁት ካዛንቺስ ነው፤ ስፖኪዮ ካልታጠፈ መኪና በማታሳልፍ አንዲት ቅያስ ውስጥ። አክስቴን ጠይቄ ስወጣ ከአጥሩ ጥግ ወጣ ያለች የቆርቆሮ ጫፍ ያዘችኝ። ድምፁን ስሰማ ፍሬን እንደመያዝ ነዳጅ ሰጠሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ቆርቆሮዋ ከእኔ በፊት ለዓመታት እዚያው ነበረች፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ ልጆች እንኳ ኳስ ሲያባርሩ ገላቸውን ሸሸት አድርገው ነበር የሚያልፏት።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ቤቱም፣ ቅያሷም፣ ቆርቆሮዋም ተነሡ። አክስቴ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። አጥሩ የነበረበትን ቦታ ዛሬ አሳይ ብባል፣ ሰፊው የእግረኛ መንገድና የብስክሌቱ መስመር መሀል ቆሜ ወዲያና ወዲህ ከማየት በቀር እዚህ ጋ ነው ብዬ መማል አልችልም። ጭረቱ ግን እንዳለ አለ።

እውነቱን ለመናገር ወደ ጋራዥ የወሰደኝ እሱ አልነበረም። ፕላስቲኩን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ክሊፖች ሁለቱ ተሰብረው፣ ጫፉም ተሰንጥቆ፣ መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር ማጨብጨብ ጀመረ። የቀለበት መንገድ ላይ ጭብጨባ ደስ አይልም።

፨

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ላንቻና በቅሎ ቤት ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ የጭነት እንስሳ፣ ሌላው የጣሊያን የመኪና ፋብሪካ ስም ተሸክሞ ጎን ለጎን መቀመጡ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ይህችን ከተማ ከበቅሎ ወደ ካሚዮን ያሻገራትን ዘመን በሁለት የታክሲ ፌርማታ ውስጥ ታልፈዋለህ። ካዛንቺስም ቢሆን ያው ነው። በወረራው ዓመታት ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ተቋም በምሕጻር ኢንቺስ ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ የሰፈር ስም ብቻ አይደለም ትቶ የሄደው። የጋራዡን ቋንቋ በሙሉ ትቶልናል።

መኪናዬን የወሰድኩበት፣ ከላንቻ ጀርባ ያለው ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ይህንኑ ስቆጥር ዋልኩ። ፓራውልት ማለት ግጭት የሚከላከል ነው፤ ፓራፋንጎ፣ የኔው የተጫረበት ክፍል፣ ጭቃ የሚከላከል። ፍሬቻ ቀስት፣ ስፖኪዮ መስተዋት፣ ባትላሜራ ላሜራ ቀጥቃጭ። የጋራዡ ረዳት ልጅ ካቻቪቴውን ፈልጎ ሲያጣ የሚጣራው፣ ብሎኑ ሲበላበት የሚሳደበው በጣሊያንኛ ቅሪት ነው። እሱ ግን አያውቅም፤ ለእሱ ይህ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ልክም ነው።

ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሥራ የጀመሩት ባትላሜራ ሆነው፣ በሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎች ላይ ነው። የላዳ ፓራውልት ብረት ነበር፤ ክሮም የተቀባ። ሲጎብጥ ይፈታል፣ በመዶሻ ይቃናል፣ ይመለሳል። «ብረት ይሰማል» ይላሉ ጋሼ፣ «ትመታዋለህ፣ ይመልስልሃል። ይኼ ግን…» ብለው የኔን ፕላስቲክ በጣታቸው ቆረቆሩት። ምንም አልመለሰላቸውም።

በዓለም ላይ በብዛት ለገበያ በቀረበ መኪና ላይ ፓራውልትን ከብረት ወደ ፕላስቲክ ካዞሩት ቀዳሚዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ሬኖ 5 ነው። ፕላስቲክ ይቀላል፣ አይዝግም፣ በቀላል ግጭት ተጣጥፎ ይመለሳል፣ በፋብሪካም አንድ ጊዜ በቅርጽ ይፈስሳል። ባለቤቱ የሚያውቀው ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ ብረት ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ፕላስቲክ ሲጎዳ ይጫራል፣ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል። ሦስቱም የተለያየ መድኃኒት ይፈልጋሉ፤ የአዲስ አበባ ጋራዦች ብዙውን ጊዜ ለሦስቱም የሚያዝዙት ግን አንድ ነው፤ ስቱኮና ስፕሬይ።

፨

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ቀለም ማማረጥ አልነበረም። የተሰነጠቀውን ክፍል ነቀሉና ጀርባውን ገለበጡት። ከውስጥ በኩል፣ በሁለት ቀስት መካከል፣ ትናንሽ ፊደላት በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጸዋል። ይህ ዓለም አቀፍ ምልክት የዕቃውን ዘር ይናገራል። «ፒፒ» ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ «ኢፒዲኤም» ከተጨመረበት እንዲለጠጥ የጎማ ዘር ተቀላቅሎበታል፤ «ቲ» እና ቁጥር ካለ ደግሞ በመቶ ያን ያህል ታልክ የሚባለው የድንጋይ ዱቄት ገብቶበታል። «ኤቢኤስ» ከሆነ ጨርሶ ሌላ ዘር ነው፤ ግሪልና የስፖኪዮ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይሠራል።

የኔው ምልክት ተፍቆ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። ጋሼ በምላጭ ከጠርዙ ስስ ቅራፊ አነሡና ክብሪት ጫሩበት። ነበልባሉ ጭስ ሳያበዛ ነደደ፤ ሲያጠፉት የሻማ ሽታ ሸተተኝ። «ፒፒ ነው» አሉ። ኤቢኤስ ቢሆን ኖሮ ጥላሸት ያለው ጥቁር ጭስ ይወጣው ነበር። ልዩነቱ ለሥራው ወሳኝ ነው፤ ኤቢኤስን ቲነር ይበላዋል፣ ማስቲሽና ቀለም ግን በቀላሉ ይይዘዋል። ፒፒ የሰም ጠባይ አለው፤ ቲነር ብዙም አይጎዳው፣ በምላሹ ደግሞ ማንንም አይቀበልም። ማስቲሽ አይቀበል፣ ስቱኮ አይቀበል፣ ቀለም አይቀበል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ይህን ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1954 በሚላኖ ለዛሬው ጥቅም የሚበቃ አድርጎ ያወጣው ጁሊዮ ናታ የሚባል ጣሊያናዊ ኬሚስት ነው፤ በ1963 የኖቤል ሽልማትን ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋር ተካፍሏል። እንግዲህ ሰፈሩም፣ የክፍሉ ስምም፣ ክፍሉ የተሠራበት ዕቃም ከአንድ አገር መጥተው እዚህ ላንቻ ላይ ተገናኙ። ለጋሼ ስነግራቸው «ክሊፑንስ የት ይሠራሉ?» አሉኝ።

ስንጥቁን የያዙት በራዲዮ ጠጋኞች የኤሌክትሪክ ማቅለጫ ነው። መጀመሪያ ስንጥቁን ተከትለው ቦይ ቆረጡ፤ ከጀርባ ቀጭን ሽቦ አግለው ቀበሩ፤ ከዚያ ከሌላ አሮጌ ፓራውልት የተቆረጠ ስስ ዘንግ እያቀለጡ ቦዩን ሞሉት። ዘንጉ ያው ፒፒ መሆን አለበት። ጋራዡ ጥግ ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች አሉ፤ ቆሻሻ መስለውኝ ነበር፣ ለካ የመድኃኒት መደርደሪያ ናቸው። ልጁ ሥራ ሲጀምር ከቢጫ ጀሪካን ቆርጦ አንድ ፓራውልት በይዶ ነበር አሉ ጋሼ እየሳቁ። ጀሪካን ፖሊኢትሊን ነው። አብሮ ይቀልጣል፣ አብሮ ይቀዘቅዛል፣ ያምራልም፤ በሳምንቱ መንገድ ላይ ሲያንገጫግጨው እንደ ቅርፊት ይነሣል። ደንበኛው ተመልሶ የመጣው ፓራውልቱን በሽቦ ሰፍቶ ነው። እንደዚያ የተሰፉ ፓራውልቶች በከተማው ውስጥ ስንት እንዳሉ የሚያስተውል ያውቃል። እኔ በበኩሌ አልስቅባቸውም፤ ፒፒን በማስቲሽ ከለጠፈ ጋራዥ የሰፋው ሰው ይሻላል።

፨

ስንጥቁ ካለቀ በኋላ ጭረቱ ቀረ። እኔ ያ ነጭ መስመር ከቆርቆሮው የተጋባ ቀለም ይመስለኝ ነበር፤ በጨርቅ ደጋግሜ አሽቼዋለሁ። ቀለም አይደለም። ፕላስቲኩ እስከ ሆዱ ጥቁር ነው። ስለታም ነገር ሲያርሰው ገጹ በጥቃቅን ስንጥቆች ይሞላል፣ ውስጡ ያለው ታልክ ይገለጣል፤ ሁለቱም ብርሃን ስለሚበትኑ ዓይናችን ነጭ ያያል። የተሰነጠቀ በረዶ እንደሚነጣው ማለት ነው።

ስለዚህ ቀላል ጭረት ከሆነ ገጹን በጥቂቱ ማቅለጥ ይበቃል። ጋሼ የሙቅ አየር ነፋሹን ከአንድ ስንዝር ርቀት አንሥተው፣ እጃቸውን ሳያቆሙ፣ ሽሮ እንደሚያማስል ሰው ወዲያና ወዲህ አመላለሱት። ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ገጹ ላይ ላብ የመሰለ ወዝ ብቅ ሲል ወዲያው ሸሹ። የጭረቱ ቀጭን ጫፍ ዓይኔ እያየ ጠቆረና ጠፋ። ጥልቁ ክፍል ግን ነጭነቱን ብቻ ነው ያጣው፤ ቦዩ አለ።

ለምን አይሞላም? ይሞላል፤ ግን ይህ ፕላስቲክ ልሙጥ አይደለም። በፋብሪካ ቅርጹ ላይ ተቀርጾ የመጣ ቆዳ የሚመስል ሻካራ ጥለት አለው። ቦዩን ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈገው ሰው ዙሪያውን ያለውን ጥለት አብሮ ይፈገፍገዋል፤ አንድ ክንድ የነበረ ቀጭን ጭረት መዳፍ የሚሰፋ ልሙጥ ጠባሳ ይሆናል። እሱን ለመሸፈን ቀለም ይመጣል፤ ቀለሙ አንዱን ክፍል ብቻ ሲያጠቁር ሌላው ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ የአራቱም ጎማ ጠርዝ ይቀባል። ከዚያ ክረምት ይገባል። ፋብሪካ ፒፒን ቀለም የሚቀባው ገጹን በነበልባል ዳብሶ ወይም በልዩ ማጣበቂያ አዘጋጅቶ ነው። ያንን የዘለለ ስፕሬይ መጀመሪያ ጠጠር የሚመታው ቦታ ላይ ብጉር ያወጣል፣ ቀጥሎ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ቀለም የግድ ከሆነ ክፍሉ በላርጎ ታጥቦ፣ በአልኮል ተጠርጎ፣ ማጣበቂያው ተነፍቶ፣ የሚለጠጥ ቀለም በስስ በስሱ ይቀባል። በፋብሪካ ቀለም ለመጣ ፓራውልት ይህ ትክክለኛው መንገድ ነው። ሻካራ ሆኖ የመጣውን ጥቁር ፕላስቲክ ግን ብርጭቆ ወረቀት አያስነኩት፤ በዚህ ላይ ከጋሼ ጋር አንድ ነን።

ግራጫው ራሱ የከተማችን ጸሐይ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በየ1,000 ሜትሩ የጸሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይበረታል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቀንም። ፕላስቲኩ ግን ይታወቀዋል፤ በአምራቹ የተጨመረበት ካርቦን ጥቁር ለዓመታት ቢከላከልለትም በመጨረሻ የገጹ ሰንሰለት ይበጣጠሳል፣ ገጹ እንደ ኖራ ይደቅቃል። ላቫጆ ውስጥ የሚቀቡት የሚያብለጨልጭ ፈሳሽ አብዛኛው ሲሊኮን ነው፤ ሁለትና ሦስት ዝናብ ይወስደዋል። የጫማ ቀለም የሚቀባም አይቻለሁ፤ ሱሪ የነካ ቀን ይታወቃል። ሙቀቱ ጥቁረቱን ለወራት ይመልሳል፤ ሆኖም በመለሰ ቁጥር ገጹን ትንሽ ያስረጀዋልና በየዓመቱ የሚደረግ ነገር አይደለም።

፨

ለአንድ ጥቁር ፕላስቲክ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድነው የሚል አንባቢ መኪና ሽጦ አያውቅም ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና እንደ ቤት ነው፤ ያረጃል እንጂ ዋጋው አይረክስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ እንደማይገባ መንግሥት አሳወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በነዚህ ሦስት እርምጃዎች መካከል እንደኔዋ ያለች እ.ኤ.አ. የ2002 ራቭ ፎር ያለችበት ቆማ ባለቤቷ ከገዛበት በላይ ታወጣለች።

ስለዚህ ገዢ መኪና አይቶ አይገዛም፤ መርምሮ ነው። ደላላው «ስፕሬይ ያልነካው፣ ኦርጅናል ቀለም» ሲል ገዢው ማግኔት ያወጣል። ስቱኮ ያለበት ቦታ ማግኔት አይይዝም። የበሩን ጎሚኒ ገልብጦ የቀለም ብናኝ ይፈልጋል። ኮፈኑን ከፍቶ የብሎኖቹ ጭንቅላት ተነክቶ እንደሆነ ያያል። ፕላስቲኩ ላይ ሲደርስ ግን ማግኔቱ አይረዳውም፤ የሚረዳው ጥርጣሬው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሻጭ የሚሳሳተው። ጭረት ያየ ገዢ «አጥር ነክቷል» ብሎ ትንሽ ያስቀንሳል። በአዲስ ጥቁር ቀለም የሚያብለጨልጭ ፓራፋንጎ ጠርዝ ያየ ገዢ ግን ከሥሩ ምን እንዳለ መገመት ይጀምራል፤ ግምቱ አጥር ላይ አይቆምም፤ ግጭት፣ የተበየደ ሻንሲ፣ የተገለበጠ መኪና ድረስ ይሄዳል። ሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሌላ መኪና ሊያይ ይሄዳል። አንድ ወዳጄ አራቱንም ጠርዝ ቀብቶ ሲሸጥ ካሰበው ዋጋ ያጣው፣ ለቀለሙ ከከፈለው ይበልጥ ነበር። ጥገናው ደግሞ መጥፎ አልነበረም፤ ጥፋቱ አዲስ መምሰሉ ነው።

በዚህ ምክንያት የኔ ምርጫ ቅደም ተከተል አለው። ቀላሉ ጭረት በሙቀት ይጥፋ። ስንጥቅ ከጀርባ ይበየድ። ጥልቁ ጭረት ካስጠላ ክፍሉ ከዚያው ዓመትና ሞዴል በወጣ፣ ያው ጸሐይ ባሳለፈ ክፍል ይቀየር። ካላስጠላ ይቆይ።

የኔ ግን ይቀየር ዘንድ ግድ ሆነ። ጋሼ ብየዳውን ጨርሰው ሲገጥሙት ሦስተኛው ክሊፕ መቀመጫው ላይ ተሰበረ። በጎን የሚለጠፈው ክፍልም በባለሁለት ፊት ፕላስተር የተያዘ ነበርና በዓሣ ማጥመጃ ክር እየገዘገዙ ሲያነሡት አብሮ ተላጠ። «ከዚህ በኋላ ሶማሌ ተራ ነው» አሉኝ።

፨

ሶማሌ ተራ መርካቶ ውስጥ ነው፤ መኪና ተበታትኖ የሚደረደርበት። ስፖኪዮው ጠፍቶበት የራሱን ስፖኪዮ እዚያ ተከራክሮ የገዛ ሰው ቀልድ የአዲስ አበባ ሹፌር ሁሉ ያወራዋል፤ ቀልዱ እውነት የሆነባቸውም አሉ። የቶዮታ ዕቃ የማይገኝበት ቀን የለም። አብሮኝ የመጣው ልጅ ወደ ሌላ ሱቅ ጠቆመኝ፤ አንድ ሰው ከቻይና ለመጣ የፎልክስዋገን አይዲ 6 ጥቁር የጎማ ጠርዝ ፈልጎ እየዞረ ነው። አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ እዚህ ሲደርስ መለዋወጫው አብሮት አልመጣም። ሰውየው ስልኩ ላይ ፎቶ እያሳየ ከሱቅ ሱቅ ይሄዳል፤ ነጋዴዎቹም በትሕትና አይተው ይመልሱለታል። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ዙሪያቸውን በጥቁር ፕላስቲክ የታጠሩ ናቸው። ጋሼና መሰሎቻቸው ሥራ የሚያጡ አይመስለኝም።

እኔ ያገኘሁት ጠርዝ ግራጫነቱ ከመኪናዬ ጋር ይገጥማል፤ ክሊፖቹም ሙሉ ናቸው። አንድ ጥግ ላይ ግን ሰማያዊ ቀለም ተጋብቶበታል፤ ሚኒባስ ታክሲ መሆን አለበት። ጋሼ ማለዳ ሊገጥሙልኝ እሺ አላሉም። ጊዜው ታኅሣሥ ነው፤ ጠዋት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ፕላስተሩ አይዝም፣ ክሊፑም ይሰባበራል። እስከ አራት ሰዓት ጸሐይ ላይ አስተኙት። ከዚያ አካሉን በአልኮል ጠርገው፣ ክሊፖቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው መቱ። «ለሁለት ቀን እንዳታሳጥባት» አሉ። ሰማያዊውን ላንሣው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ «ይተዉት ጋሼ» አልኩ።

አሮጌውን ፖርቶመጋላ ውስጥ ከተትኩት። እሑድ አክስቴን ወደ ቤተ ክርስቲያን ልወስዳት ስሄድ ዕቃዋን ልታስቀምጥ ከፍታ አየችው። አነሣችው፣ ወደ ብርሃን አዞረችው፣ አውራ ጣቷን በቀረው ጭረት ላይ ከጥልቁ ጀምራ አስኬደች።

«ያቺ ቆርቆሮ!» አለች። «የኔንም ነጠላ ሁለቴ ቀድዳብኛለች።»